ጅማ ከሐረር እየራቀች ነው

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ግድም ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚጮኽ ስልክ ደግ ወሬ ይዞ አይመጣም፤ ልቤ ድንግጥ አለ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው እህቴ ነበረች። «እናንተ ጋ አልተሰማም? አልጋው እንደ ጋሪ ተንገጫገጨብኝ፤ ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወርጄ ግቢ ቆሜያለሁ» አለችኝ። ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። አምፖሉ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። «ጅማ ምንም የለም፤ አይዞሽ» አልኳት።

ጠዋት ቡና ልጠጣ ወጣ ስል ወሬው ሁሉ የመሬት መንቀጥቀጡ ነው። አንዱ «የአፋርና የፈንታሌ ስምጥ ሸለቆ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ይላል። ሌላው አፍሪካ እንደ ዳቦ ለሁለት ስትገመስ የሚያሳይ ቪዲዮ ከስልኩ ከፍቶ ያዞራል፤ «አገር ልትከፈል ነው፤ ባሕር በራችን ድረስ ሊመጣ ነው» እያለ። የወደብ ነገር የሚያንገበግበው አንድ ጎልማሳ «ይምጣ እንጂ፣ ምን ከፋን!» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

ወሬው ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጥቷል። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. እዚያው ፈንታሌ አካባቢ በመጠን 6.0 የተለካ መንቀጥቀጥ ሲደርስ አንዴ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ውስጥ ብዙ ሰው ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቀው ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ አልፎም ሕንድ ሲደርስ ሌላ ጊዜ። ቡና ቤት የተቀመጡት ሁለት ወገኖች ግን ካሉበት ፈቀቅ አላሉም፤ ለአንዱ ነገሩ የሩቅ አገር ነው፣ ለሌላው የነገ ጥፋት። እኔ ሁለቱም ተሳስተዋል ባይ ነኝ። ነገሩ የሩቅ አገር አይደለም፤ የምንረግጠው ቀይ አፈር፣ የሚዘንብልን ዝናብ፣ ማታ የምናበራው መብራት ሳይቀር ስምጥ ሸለቆውን ከሰነጠቀው ከዚያው ኃይል የመጣ ነው። የነገም አይደለም፤ በሚሊዮን ዓመት የሚቆጠር ነው።

ከቁጥሩ እንጀምር። ጅማ የተቀመጠችው ኑቢያ በሚባለው የምድር ንጣፍ ላይ ነው፤ ጂኦሎጂስቶች ፕሌት ይሉታል። አብዛኛው አፍሪካ በዚሁ ላይ ነው። ሐረር፣ ጎባ፣ ጅግጅጋ ግን የሶማሊያ ፕሌት ላይ ናቸው። በቡና ስማቸው የሚጠሩት ሁለቱ አገሮች፣ ጅማና ሐረር፣ በሁለት የተለያዩ ንጣፎች ላይ ተቀምጠው በየዓመቱ ይራራቃሉ ማለት ነው። ምን ያህል? በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ላይ በሳተላይት መለኪያ የሚነበበው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ ጅሬን ላይ ሥልጣን ከያዙበት ከ1870ዎቹ መባቻ ጀምሮ እስከ ዛሬ ቢደመር 74 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ አንድ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው። ከአባ ጅፋር ዘመን እስከዛሬ ሐረር ከጅማ የራቀችው የአንድ ሰው እርምጃ ያህል ነው። በዚሁ ፍጥነት 200 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ባሕር እንዲከፈት 40 ሚሊዮን ዓመት ያስፈልጋል። ወደቡን የሚጠብቀው ወዳጃችን ትዕግሥት ይስጠው።

ፕሌት ሲባል ብዙ ሰው የሚስለው በቀለጠ እሳት ባሕር ላይ እንደ ታንኳ የሚንሳፈፍ ድንጋይ ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁ እኔም እንዲያ ነበር የገባኝ። ግን ከሥር ባሕር የለም። ፕሌቱ በአማካይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ቀዝቃዛና ግትር አለት ነው፤ ከመሬት ገጽ እስከ እምብርቷ ካለው ከ6,300 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ጋር ሲተያይ ከብርቱካን ልጣጭ ይሳሳል። ከሥሩ ያለው ማንትል የተባለው ክፍልም አለት ነው፤ አልቀለጠም፤ ግን በጣም ስለሞቀ በዝግታ ይፈሳል። የከፋንና የጅማን ነጭ ማር የሚያውቅ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። የረጋ ማር በማንኪያ ሲነኩት ጠጣር ነው፤ ጣሳውን አጋድመው ቢተዉት ግን በማግሥቱ ወደ አንድ ወገን ወርዶ ያገኙታል። ማንትልም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የእሱ «ማግሥት» በሚሊዮን ዓመት መቆጠሩ ነው።

ታዲያ ማን ይጎትታቸዋል? ዋነኛው ጎታች ራሱ የፕሌቱ ጫፍ ነው። ከውቅያኖስ በታች ያለው ንጣፍ እያረጀ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፤ በመጨረሻ ጫፉ ወደ ማንትሉ ይሰጥማል። ከአልጋ ጠርዝ የተንሸራተተ ጋቢ የቀረውን እየጎተተ እንደሚወርድ ሁሉ፣ የሰጠመውም ጫፍ ከኋላው ያለውን ሁሉ ይስባል። ለዚህ ነው የፓስፊክ ዙሪያ በእሳተ ገሞራና በመንቀጥቀጥ የታጠረው፤ ጋቢው የሚወርደው እዚያ ነው። ሁለቱም ወገን እንደ አህጉር ቀላል ሆኖ አልሰጥም ሲል ደግሞ ይተጣጠፋል። ሕንድን የተሸከመው ንጣፍ ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እስያን ገጭቶ የሂማላያን ሰንሰለት አቆመ፤ 8,849 ሜትር ከፍታ ባለው የኤቨረስት ጫፍ ላይ ዛሬ የባሕር እንስሳት ቅሪት ያለበት ድንጋይ የሚገኘው ለዚህ ነው። ጎን ለጎን የሚፋተጉም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ቱርክና ሶሪያን ያፈረሰው መንቀጥቀጥ የመጣው ከእንዲህ ያለ ድንበር ነው።

አፍሪካ ግን እንግዳ ነገር ናት። አብዛኛው ዙሪያዋ አዲስ የውቅያኖስ ወለል በሚወለድባቸው ሰንሰለቶች የተከበበ ነው፤ በምሥራቅ በኩል እየሰጠመ የሚጎትታት ጋቢ የላትም። ታዲያ ለምን ትሰነጠቃለች? መልሱ ከሥር ነው። ከጥልቁ የሚነሣ ያልተለመደ ሙቀት ምሥራቅ አፍሪካን ከታች ገፍቶ አነሣት፤ የተነሣው ምድር በገዛ ክብደቱ ወደ ግራና ቀኝ ሊንሸራተት ፈለገ፤ መሐሉ ሳስቶ ተቀደደ። ስንጥቁ የከፍታው ልጅ ነው ብንል አንሳሳትም።

በነገራችን ላይ ይህ ሸለቆ ለሳይንሱም ባለውለታ ነው። ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር እ.ኤ.አ. በ1912 አህጉሮች ይንቀሳቀሳሉ ሲል በምን ኃይል እንደሆነ ማስረዳት ስላልቻለ አብዛኛው ምሁር አልተቀበለውም፤ እ.ኤ.አ. በ1930 ግሪንላንድ በረዶ ላይ ሲሞት ሐሳቡ ገና ተቀባይ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊቷ ማሪ ታርፕ የአትላንቲክን ወለል ጥልቀት ከቁጥር ወደ ሥዕል ስትቀይር፣ በውቅያኖሱ መካከል በሚያልፈው ተራራ አናት ላይ ስንጥቅ የሚመስል ሸለቆ አየች። አብሯት የሚሠራው ባልደረባዋ መጀመሪያ «የሴት ወሬ» ብሎ አጣጣለው። በኋላ ያሳመነው አንዱ ነገር የዚያ የባሕር ሥር ሸለቆ ቅርጽ ከምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ጋር መመሳሰሉ ነበር። ከውኃ በታች ተደብቆ የኖረውን ነገር ለማመን፣ ደረቅ ሆኖ ለዓይን የተጋለጠው የእኛው ሸለቆ ረዳ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የጅማን በርጩማ አስቡ። ከአንድ ግንድ ተጠርቦ ሦስት እግር አለው። አፋር ላይም ሦስት ስንጥቆች ከአንድ ሥፍራ ይነሣሉ፤ አንዱ ወደ ቀይ ባሕር፣ አንዱ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ ሦስተኛው በእኛ ምድር አቋርጦ በአዋሽ፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ፣ በአርባ ምንጭ ወደ ቱርካና ይወርዳል። የዓረቢያ፣ የኑቢያና የሶማሊያ ፕሌቶች ጥግ ለጥግ የሚገናኙት እዚያ ነው። ሁለቱ እግሮች ቀድመው ባሕር ሆነዋል። ሦስተኛው ዘግይቶ፣ ባለፉት ከ10 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ የተከፈተ ነው፤ ባሕር መሆኑ ገና ሩቅ ነው።

ከስንጥቁ በፊት ግን ጎርፍ ነበር፤ የላቫ ጎርፍ። ትኩስ አለት ወደ ላይ ሲወጣ የተጫነው ክብደት ይቃለልለታል፤ ክብደቱ ሲቃለል ሙቀት ሳይጨመርበት ይቀልጣል። እንዲህ የቀለጠው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በሰሜኑ ደጋ በረጃጅም ስንጥቆች ፈሰሰ። አንዱ በአንዱ ላይ እየተነባበረ አንዳንድ ቦታ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት ደረሰ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት፣ የሰሜን ተራሮችም ገደል የተቆረጠው ከዚህ ዘር ነው። በእኛ በደቡብ ምዕራቡ በኩል የፈሰሰው ከሰሜኑ ይቀድማል፤ ጂኦሎጂስቶችም «የጅማ እሳተ ገሞራ አለቶች» እያሉ በከተማችን ስም ይጠሩታል።

ይህን ለማየት ላቦራቶሪ መሄድ አያሻም። ባለፈው ዓመት ሰፈራችን ኮብልስቶን ሲነጠፍ ድንጋዩን የሚጠርቡት አንድ ሽማግሌ ጋር ቁጭ አልኩ። «አባባ፣ ይሄ ምን ዓይነት ድንጋይ ነው?» ስላቸው «ጥቁር ድንጋይ ነዋ ልጄ» አሉኝ፤ መልሱ ግልጽ ሆኖ ሳለ ለምን እንደጠየቅኩ እየገረማቸው። ቀጠል አድርገው አንዱን ገልብጠው አሳዩኝ። ግማሽ ፊቱ ድፍን ነው፤ በሌላው በኩል ምስር የሚያህሉ ቀዳዳዎች ተበትነውበታል። «ይኼኛው ወገን ለመዶሻ እሺ አይልም፤ ቀዳዳ ያለው ግን ፍርክስ ይላል። እኛ ድፍኑን ነው የምንመርጠው» አሉ። የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት ጋዙ እየተንፏፏ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ላቫውም መሬት ላይ ሲደርስ ጋዙ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ከላይ ቶሎ የረጋው ክፍል አረፋውን እንደያዘ ይደርቃል፣ ሥሩ ቀስ ብሎ ቀዝቅዞ ድፍን ይሆናል። ሽማግሌው በመዶሻ ድምፅ የሚለዩት ነገር የአንዱ የላቫ ፍሰት ጣሪያና ወለል ነው። እግራችን ሥር የነጠፍነው የረጋ ላቫ ነው።

ላቫው ደግሞ ያለ ዕረፍት አልፈሰሰም። በአንዱ ፍሰትና በሌላው መካከል ረዥም ጸጥታ ነበር፤ ረግረግ ተፈጥሮ፣ ደን በቅሎ፣ ቅጠልና ግንዱ ተቀብሮ ዘመን ቆጠረ። ለዚህ ምስክሩ በጅማ ዞን በደልቢና በሞዬ የሚገኘው የድንጋይ ከሰል ነው፤ በእሳተ ገሞራ አለት ንብርብር መካከል ገብቶ የቀረ የጥንት ረግረግ። እሳት ከላይና ከታች ሆኖ መሐሉ ላይ ደን መገኘቱ እኔን ሁሌም ይደንቀኛል።

ቀይ አፈሩስ? ያ ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት የሚባለው፣ ብረት የበዛበት ነው። ሙቀትና ዝናብ ለረዥም ዘመን ሲፈራረቁበት ይበሰብሳል፤ የሚታጠበው ታጥቦ ሲሄድ ብረቱ ይቀራል፣ አየር አግኝቶ ይዝጋል። ክረምት ጫማችን ላይ እንደ ሊጥ የሚለጠፈው፣ ነጠላ ላይ ከፈሰሰ የማይለቀው ቀይ ነገር የዛገ ብረት ነው። ጥልቅ ነው፣ ውኃ ይይዛል፣ የቡና ሥር ወደ ታች እንደልቡ ይሄድበታል። የጅማ ገበሬ «መሬቴ ቡና ይወዳል» ሲል፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነውን ላቫ ውለታ እየመሰከረ ነው።

አሁን በሥፋት ልሂድበት የምፈልገው ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ትልቁ ስሕተት እዚያ ይሠራል። አውቶቡሱ ከደጋው ተጠማዝዞ ወደ ግቤ ሲወርድ፣ ሙቀቱ ሲጨምርና መስኮቱ ሲከፈት፣ አንድ ሰው «ስምጥ ሸለቆ ገባን» ማለቱ አይቀርም። ግቤ በረሃ ግን ስምጥ ሸለቆ አይደለም። ስምጥ ሸለቆ ማለት በሁለት ስብራት መካከል ያለው መሬት ራሱ ወደ ታች የሰመጠበት ነው። የግቤን ገደል የቆረጠው ወንዝ ነው። መንገዱ በተቆረጠበት ገደል ላይ የሚታዩትን ንብርብሮች ያስተዋለ ይገባዋል፤ በወዲህ ማዶ ያለው ንብርብር በወዲያ ማዶም ይቀጥላል፣ መሐሉ ብቻ ተበልቶ ጠፍቷል። እንደ ዳቦ በቢላ የተቆረጠ እንጂ የሰመጠ አይደለም።

እውነተኛው የስምጥ ሸለቆ ግድግዳ ከወልቂጤ በስተምሥራቅ፣ ከጉራጌ ተራሮች ባሻገር ነው። ከቡታጅራ በኩል ቆሞ ወደ ምዕራብ ያየ ሰው ግድግዳውን ፊት ለፊት ያገኘዋል። ያ ግድግዳ ስንጥቁ ሲከፈት ወደ ላይ የተነሣ ጠርዝ ነው፤ ጀርባው ደግሞ ቀስ እያለ ወደ እኛ ያዘነብላል። በዚህ ምክንያት ከጠርዙ በስተምዕራብ የሚወርደው ዝናብ ስምጥ ሸለቆው አፍንጫው ሥር ሆኖ ሳለ ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ግቤ ይሄዳል። መጨረሻው ግን ያስቃል። በከተማችን መሐል የሚያልፈው አዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያ ወደ ግልገል ግቤ፣ ከዚያ ወደ ግቤና ኦሞ ወርዶ የሚቆመው ቱርካና ሐይቅ ነው፤ ቱርካና ደግሞ ያለው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ስንጥቁ በሰሜን በር የመለሰውን ውኃ በደቡብ በር አስገባው። በአጋሮ በኩል ጎማ ተራሮች ላይ የሚወርደው ዝናብ ደግሞ ዴዴሳን ይዞ አባይ ይገባና ሜዲትራኒያን ይደርሳል። የአንድ ቀን ዝናብ ከአንድ ዞን ተነሥቶ ኬንያ ጠረፍና ግብፅ ድረስ ይለያያል።

ዝናቡ ራሱ የከፍታው ነው። እርጥብ ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ መጥቶ ደጋውን ሲገጥም ሌላ መንገድ የለውም፤ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ያፈሰዋል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ የምታገኘው ለዚህ ነው፤ ያው ነፋስ ደረቅ ሆኖ የሚደርስበት ቆላ ግን ይጠማል። ደጋው ባይነሣ ኖሮ ቡናው ከየት ይመጣ ነበር?

ከፍታው መብራትም ሆኗል። የግልገል ግቤ ውኃ በመጀመሪያው ግድብ 184 ሜጋ ዋት ካመነጨ በኋላ፣ በፎፋ ተራራ ሥር በተቆፈረ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ተጉዞ ወደ ኦሞ ሸለቆ ሲወረወር ሌላ 420 ሜጋ ዋት ይሰጣል። ሁለተኛው ጣቢያ ትልቅ ግድብ የለውም፤ የሚሠራው 500 ሜትር ገደማ በሆነው የከፍታ ልዩነት ነው። ያን ልዩነት የፈጠረው ማነው? ምድሪቱን ያነሣው ሙቀትና የተነሣችውን ምድር የበላው ወንዝ። ክፍያውም አብሮ መጣ። በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ቁፋሮው እየተካሄደ ሳለ ማሽኑ ተራራው ሆድ ውስጥ ካለ የአለት ስብራት ጋር ተላተመ፤ በግፊት የታመቀ ጭቃና ውኃ ማሽኑን ወደ ኋላ ገፋው፤ ሥራው ለረዥም ጊዜ ቆሞ በሌላ ጎን ዞሮ መሄድ ግድ ሆነ። ከስምጥ ሸለቆው ውጭ ነን ብለን የምንተኛበት ተራራ ውስጡ ድፍን አለመሆኑን ከዚያ የተሻለ ያስረዳን የለም።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ መንቀጥቀጡ እመለሳለሁ፤ የአሞሌ ጨው ነገር። ዳናኪል ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለው ምድሪቱ እየተሳበች ስለሳሳች ነው። ቀይ ባሕር ወደዚያ ዝቅታ ገብቶ፣ ተቆርጦ፣ ደርቆ የጨው ንጣፍ ትቷል። ያ ጨው እየተጠረበ በግመልና በበቅሎ አገር አቋርጦ እስከ ጅማው ሂርማታ ገበያ ድረስ መጥቶ ገንዘብ ሆኖ ሲገዛበትና ሲሸጥበት ኖሯል። የጅማ ነጋዴ የፕሌቶችን መራራቅ በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ፍርሃቱ። «በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለምን ያንቀጠቅጣል?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ነው። 5 ሚሊ ሜትር አማካይ ነው። ፕሌቶቹ ከሩቅ ሆነው ያለማቋረጥ ይጎትታሉ፤ ስንጥቁ ዘንድ ያለው አለት ግን ተያይዞ ይቆያል፣ ይወጠራል፣ አንድ ቀን ይለቃል። መስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ የሆነው ይህ ነው። ቅልጥ አለት ከሥር ገብቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውን መሬት በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ከፈተው፤ የመቶዎች ዓመታት ውዝፍ በአንዴ ተከፈለ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል የታየውም የዚሁ ዘመድ ነው። ቅልጥ አለቱ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ በጎን በስንጥቁ ውስጥ ገባ፤ መንቀጥቀጡ መንገዱን ሲፈልጥ የሚሰማ ድምፅ ነበር። አዲስ አበባን ያናወጠው ከዚያ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የአካባቢው ነዋሪዎችም ቤታቸውን ጥለው ወጡ።

እንደ ቱርክ ያለው ይመጣብናል ወይ ለሚለው፣ በመጠን 1.8 የሚበልጥ መንቀጥቀጥ 500 እጥፍ ያህል ኃይል አለው፤ በቱርኩ 7.8 እና በፈንታሌው 6.0 መካከል ያለው ርቀት ይኸው ነው። ትልቅ መንቀጥቀጥ ረዥምና ወፍራም ቀዝቃዛ አለት በአንድ ጊዜ መሰበርን ይጠይቃል። የእኛ ስንጥቅ ትኩስ፣ ስስና በአጫጭር ስብራቶች የተቆራረጠ ስለሆነ እንደዚያ ያለውን ኃይል ለማጠራቀም አይመችም። ይህ ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1906 በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የተነሣው ወደ 7 የተጠጋ ነበር፤ ያኔ አዲስ አበባ ጎጆ ናት፣ ዛሬ ፎቅ ናት።

ጅማስ? ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ወጣ ያለች ናት፤ እሳተ ገሞራ አይፈነዳባትም። መንቀጥቀጥ ግን ይጎበኛታል። ታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ሆሳዕና አካባቢ የተነሣው በመጠን 5 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ እዚህም ተሰምቶ ሰዉን ከቤት አስወጥቷል። ትዝ የሚለኝ ከንዝረቱ ይልቅ የወጡት ሰዎች ወሬ ነው፤ የጭቃ ቤት ያለው «ጠጠር ሲንከባለል መሰለኝ» ሲል ፎቅ ላይ የነበረው ደረጃውን እንዴት እንደጨረሰው አያውቅም። የድሮው ቤታችን በማገር የታሰረ እንጨት ነው፤ ሲወዘወዝ ይለመጣል፣ ጭቃው ይረግፋል፣ ቋሚው ይቆማል። ዛሬ የምንሠራው ብሎኬት በፌሮና በቢም በወጉ ከታሰረ ከዚያ ይበልጣል፤ ካልታሰረ ግን ከጭቃው ይብሳል። ስንቶቻችን ነን ፌሮ ቀንሰን ለሴራሚክ የምናውለው?

እኔ ግን ለጅማ ሰው የምፈራው ንዝረቱን አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ የሆነውን እናስታውስ። ከባድ ዝናብ ጠልቆ የበሰበሰውን የገደል አፈር አራሰው፤ መጀመሪያ አንድ ናዳ ሰው ቀበረ፣ ሊያወጡ የሮጡትን ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ያኔ መሬት አልተንቀጠቀጠም። ያነሣት ኃይል ገደላማ አደረጋት፣ ላቫዋ በስብሶ ወፍራም አፈር ሆነ፣ ከፍታዋ ዝናብ ጠራ፤ ሦስቱ በአንድ ቁልቁለት ላይ ሲገናኙ የፕሌቶቹ ሥራ ያለ አንዳች ንዝረት ሰው ይገድላል። እኛም እዚያው ዓይነት አፈር ላይ ነን። ከተማዋ ስትሰፋ ቁልቁለቱን እየቆረጥን፣ ሥር የያዘውን ዛፍ እየነቀልን፣ የጎርፉን መውረጃ በአጥር እየዘጋን እየወጣን ነው።

የእኔም ቤት ከነዚሁ አንዱ ነው። ቦታውን ስንደለድል ከኋላ በኩል ሦስት ሜትር ያህል አፈር ቆርጠን በድንጋይ ግንብ ደገፍነው፤ ውኃ ማስወጫ ቧንቧ ይተውለት ያለ ሰው ነበር፣ አልሰማነውም። ባለፈው ነሐሴ ግንቡ መሐሉ ላይ ተሰንጥቆ አገኘሁት። እህቴ ስትደውል ነገርኳት፤ «አፋሩ ነገር እናንተም ጋ ደረሰ?» ብላ ደነገጠች። አልደረሰም። ማስመሪያ አምጥቼ ለካሁት፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው። ስምጥ ሸለቆው ለዚህ ስፋት አራት ዓመት ይፈጅበታል፤ የእኛ ግንብ በአንድ ክረምት ጨረሰው። በጥቅምት ግንበኛ ጠርቼ ከሥሩ አራት ቧንቧ አስገባን፤ በመጀመሪያው ዝናብ ከአራቱም ቀይ ውኃ ወረደ።